የስድስተኛው መስኮት መጋረጃ

መጋረጃው የተፈለገው ለጌጥ አልነበረም።

በመንዝ፣ ከቀየት ከተማ ወደ ጓሳ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከተሄደ በኋላ፣ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ትምህርት ቤት አለ። የሁለተኛ ክፍሉ ስድስት መስኮቶች መስታወት ገብቶላቸው አያውቅም። የቆርቆሮ መዝጊያዎቹ ሲዘጉ ልጆቹ የገዛ ደብተራቸውን ማየት ይሳናቸዋል፤ ሲከፈቱ ደግሞ ነፋሱ እንደ ባለቤት ዘው ብሎ ገብቶ ጣታቸውን ያደነዝዛል። መምህርት እስከዳር ወንዳፈራሁ ከብርሃንና ከሙቀት አንዱን መምረጥ ግድ በሆነበት በዚህ ክፍል አንድ ዓመት ሙሉ አስተማረች። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ሲገባ ግን የአንዲት ልጅ ሳል ትምህርቱን በየመካከሉ ይቆርጠው ጀመር።

ልጅቱ አመተሥላሴ ትባላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ከመምህርቷ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከስድስተኛው መስኮት ሥር ትቀመጣለች። እስከዳር ወደ ኋላ ልታዛውራት ብትሞክር፣ «ሰሌዳው የሚታየኝ ከዚህ ነው» ብላ እንቢ አለች። ያን ቀን እስከዳር ለእናቶቹ ሁሉ መልእክት ላከች፤ ያረጀ፣ ከሣጥን ሥር የተጣለ ነጠላ ያላት እናት ለትምህርት ቤቱ ትስጥ። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ ሦስት ነጠላ ተሰበሰበ። የመጀመሪያውን ያመጡት የአመተሥላሴ እናት ወይዘሮ ይዘንጋሽ ነበሩ።

አሥራ ሦስቱን ነጠላ መጋረጃ የሚያደርግ እጅ በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው። እሱም የይታየው እጅ ነው።

ይታየው ሸማኔ ነው፤ አባቱም ሸማኔ ነበሩ። ከእስከዳር ጋር እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። አባቱ ሲሞቱ እሱ ወደ ሽመናው ጉድጓድ ወረደ፤ እሷ አንደኛ ወጥታ ወደ መምህራን ኮሌጅ ሄደች። ስትመለስ ግን የሁለቱም ዐይን ካቆመበት ቀጠለ። ስልኳ ቤት ውስጥ በጮኸ ቁጥር አባቷ «ማነው?» ሳይሉ ስለማያልፉ፣ ፍቅራቸው በወረቀት ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ካብ ሁለት ድንጋዮች መካከል ደብዳቤ ያልነበረበት ሳምንት አልነበረም። ከዚያ በላይ ግን መንገዱ ዝግ ነው፤ የገበሬ ልጅ ለሸማኔ አትዳርም። የሠራውን ሸማ ገዝቶ ለብሶ የሚያስቀድስ ሰው ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ልጁን ከሸማኔው ዐይን ይሸሽጋል።

እስከዳር ነጠላዎቹን ተሸክማ ደጁ ስትደርስ፣ የተቀበሏት እናቱ ወይዘሮ አያልነሽ ነበሩ።

«እንዴ መምህርት! ትምህርት ቤቱን ልትድሪው ነው? ለሙሽራ እንኳ ይህን ያህል ነጠላ ሲሰጥ አላየሁም።»

«ሙሽራው እንደ ነጠላው ያረጀ ነው፣ እማማ።»

«አርጅቷል ካልሽማ ለእኔ ይሁና! እኔን ማን ይከለክለኛል?»

ይታየው ወገቡ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ሳቀ፤ መወርወሪያውን አስቀምጦ ቀና አለ። ዐይናቸው ተገናኘ። እናትየው ይህን አይተው በድንገት የሚቀዳ ውኃ ትዝ አላቸውና እንስራቸውን ይዘው ወጡ።

አንዱን ነጠላ በበሩ ብርሃን ፊት ዘረጋው። «መካከሉ ተበልቷል» አለ። «ደኅና የቀረው ጥለቱ ብቻ ነው።»

«ውበቱ አያስጨንቅህ። ጠንካራ ይሁን። ነፋሱን ይቻለው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጠንካራ ይሁን ካልሽ ጠንካራ ይሆናል።»

ከዚያም እንዴት እንደሚሠራው ነገራት። ዘንጉ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ቀለበቶቹ ከፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ አንገት የተቆረጡ፣ ገመዱ የጓሳ ሣር ይሆናል። ነፋስ እንዳያነሣው ከያንዳንዱ መጋረጃ ግርጌ ሦስት ሦስት ጠጠር ሰፍቶ ያስገባል።

«አሥራ ስምንት ጠጠር» አለች እስከዳር ፊቷ በርቶ። «ከግድግዳው ጋር እያንኳኳን መቁጠር አስተምርባቸዋለሁ!»

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። የተሰቀለ ቀን መጀመሪያ የምትቆጥሪያቸው አንቺ ነሽ።»

ቃል ገባች። ወደ ቤቷ የተመለሰችው በደስታ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ያን ደስታ ደግማ አላገኘችውም።

በማግስቱ የቀየቱ እህል ነጋዴ ደመላሽ፣ ባለ አይሱዙው፣ ሽማግሌ ላከ። አቶ ወንዳፈራሁ ልጃቸውን ሳይጠይቁ «እሺ፣ ከጾሙ ወዲያ ይሁን» ብለው መለሱ። እሷ የሰማችው ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ ለሦስት ቀን ሥልጠና ቀየት መውረድ ስለነበረባት ለይታየው የምትጽፍበት ጊዜ አላገኘችም፤ «ስመለስ ከአፌ ይስማው» አለች። እሱ ግን ከአፏ ሳይሆን ከገበያ ሰማው።

ሰኞ ጠዋት ተመልሳ የክፍሉን በር ስትከፍት፣ ስድስቱም መጋረጃዎች ተሰቅለዋል። ብርሃኑ በስሱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ነፋሱ ደጅ ቀርቷል። እስከዳር ግን ከደፉ አላለፈችም።

ጥለቶቹ በሙሉ ወደ ላይ ነበሩ።

በመንዝ ሴት ሐዘን ሲገባት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ታች የነበረው ጥለት አንገቷ ሥር ይውላል። ይህን ያየ መንገደኛ «ማን ሞተባት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል እንጂ። ይህን ከሸማኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። እስከዳር ስድስቱን መስኮት ሐዘን እንደገባቸው ስድስት ሴቶች አየቻቸው፤ መልእክቱም ግልጽ መሰላት። *ለሌላ ተዳርሻል። ለእኔ ሞተሻል።* ወደ ካቡ ሮጠች። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ምንም አልነበረም። አንድም ቃል ሳይጠይቃት፣ አንድም ቃል ሳይጽፍላት፣ በሠላሳ ስምንት ልጆች ፊት ቀበራት!

ጠጠሮቹን አልቆጠረችም። ልጆቹ ግን በእርሳሳቸው እያንኳኩ ይጫወቱባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አመተሥላሴ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ የእኔ መስኮት አንዱ ጠጠር አይናገርም።»

«ተቀመጪ፣ አመተሥላሴ። ጠጠር ተናግሮ አያውቅም።»

ልጅቱ ተቀመጠች። እስከዳር ለዚያች ልጅ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። በማግስቱ ቦታዋ ባዶ ነበር፤ የሣንባ ምች ጥሏታል ተባለ። በሳምንቱ በቃሬዛ ወደ ቀየት ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ዐረፈች። መጋረጃው ለእሷ ሲባል ተሠራ፤ ለእሷ ግን ዘገየ።

ሰው ልቅሶ ሲደርስ ልጅቱ ስትማርበት የነበረውን ክፍል አየ። ያየውንም ተነጋገረ።

በሰልስቷ ማግስት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንዳፈራሁ ናቸው። እስከዳር ከመምህራኑ ጋር ቆማለች። ይታየው ብቻውን፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«መጋረጃ ነው የተባልነው» አለ ገሠሠ የሚባል ገበሬ። «እኛ ያየነው ግን የሐዘን ልብስ ነው። ሰቀለው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሬሳ ወጣ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? ቁጢት በጣሽ! ዐይኑ ሲገርመኝ እጁም ጨመረበት!»

ሸማኔ የሚሰደብበት ይህ ቃል ሲጣል ግቢው ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ።

«ገሠሠ፣ አፍህን ሰብስብ» አሉ መምሬ ባስልዮስ። «የሰው ቀኑ በፈጣሪው እጅ ነው።»

«ይሁን አባ፤ ጥለቱ ግን በማን እጅ ነው?»

አቶ ወንዳፈራሁ በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ልጅ ይታየው፣ ሰው ይጠይቅሃል። ለምን አዘቀዘቅኸው?»

ይታየው ዐይኑን በሰው ሁሉ ላይ አሻግሮ እስከዳር ላይ አሳረፈው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት ነበረ።

«ምክንያቱን የምታውቅ አለች» አለ በዝግታ። «ከእኔ ይልቅ እሷ ትናገረው።»

እስከዳር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። *ፍቅራችንን በአደባባይ ሊያሰጣው ነው። ለሌላ ለተዳረችው ሴት አለቀስሁላት ሊል፣ እኔንም ሊያስመሰክረኝ ነው።* ግን በዚያው ቅጽበት፣ ከዚህ ሁሉ በታች፣ የገዛ ድምፅዋ ተሰማት፤ *ውበቱ አያስጨንቅህ፤ ጠንካራ ይሁን።* ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። የአባቷን ዐይን አየች። ወይዘሮ ይዘንጋሽን አየች፤ ጥለታቸው አንገታቸው ሥር ነው። ራሷን ወደ መሬት ደፋች።

ነፋሱ ብቻ ከክፍሉ ውስጥ ጠጠሮቹን ከግድግዳው ጋር ያንኳኳ ነበር።

«እንግዲያው ምክንያት የለኝም» አለ ይታየው። ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

መጋረጃው ይውረድ ተባለ፤ ይታየውም ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዳይደርስ ተወሰነ። ሆኖም ሊያወርደው የደፈረ አልተገኘም። የሸማኔን ሟርት በእጁ የሚነካ ማን ነው? ስለዚህ ስድስቱ መጋረጃዎች እንደተሰቀሉ ቀሩ፤ ልጆቹም እስከዚያ ዓመት ድረስ የማያውቁትን ሙቀት እየፈሩ ተማሩበት።

ይታየው ሰኞ ጠዋት አገር ለቀቀ። ደብረ ብርሃን ወረደ ያሉ አሉ፤ ከዚያም አልፎ ሄዷል ያሉ አሉ። እስከዳር ወይዘሮ አያልነሽን ምንጭ ላይ አገኘቻቸው። እኚያ ለሞት እንኳ ቀልድ የማያጡ ሴት፣ «ደኅና ዋልሽ፣ መምህርት?» ብለው እንስራቸውን አንሥተው ሄዱ። ቢሰድቧት በወደደች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ዓርብ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ወይዘሮ ይዘንጋሽ ወደ ክፍሉ ገቡ። ስድስተኛው መስኮት ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህ የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ስትወለድ የታቀፈችበት ነው። የሰጠሁት ይሞቃታል ብዬ ነበር። አሁን ብትመልሺልኝ?»

«እሰጥዎታለሁ፣ እማማ። ሟርት አለበት ብለው አይፈሩም?»

ሴትዮዋ የመጋረጃውን ጫፍ ዳሰስ አደረጉ። «ምን ሟርት አለ ብለሽ ነው? ልጄን ብርድ ነው የበላት። ሰው ሲጮህ አውቀው ነበር። ግን ሐዘንተኛ ነኝ፤ ሰው እንጀራ ተሸክሞልኝ መጥቶ ያጽናናኛል፤ እንዴት አድርጌ ‹ዋሻችሁ› ልበለው?» ዐይናቸውን ከመጋረጃው አንሥተው እስከዳርን አዩ። «አንቺስ? አንቺ የተማርሽው፣ ምን ሆነሽ ዝም አልሽ?»

እስከዳር ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በምላጭ ስፌቱን መፍታት ጀመረች። ሥራውን ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ነጠላው ለሁለት ታጥፏል፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ጫፉ ያሉት ሁለት ጥለቶች ከላይ ተገናኝተው፣ ድርብ ሆነው ቀለበቶቹን ይዘዋል። የተበላው መካከሉ ታች ወርዶ በአዲስ አቡጀዴ ተደግፏል። ነፋሱ ለአንድ ወር ሲጎትተው አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ጥለቱ ታች ቢሆን ኖሮ መጋረጃው ሳምንት ባልቆየ ነበር። ይህን ለማየት የሸማኔ ልጅ መሆን አያሻም ነበር፤ ቀርቦ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለት ጠጠሮች ጠረጴዛው ላይ ወድቀው ጮኹ። ሦስተኛው ድምፅ አልነበረውም።

በላስቲክ የተጠቀለለ ነበር። በላስቲኩና በጠጠሩ መካከል ወረቀት አለ።

«እስኩ፣

በካቡ በኩል አባትሽ ሲመላለሱ፣ ድንጋይ ሲያነሡ አይቻለሁ። ስለዚህ ቦታ ቀየርሁ። አሥራ ስምንቱን ጠጠር ስትቆጥሪ አንዱን ዲዳ ታገኚዋለሽ፤ ቃል ገብተሽልኛልና እንደምትቆጥሪ አልጠራጠርም።

የደመላሽን ነገር ሰማሁ። ከአንቺ ስላልሰማሁት አላመንሁትም።

ጥለቱን ላይ ያደረግሁት አንቺ ጠንካራ ይሁን ስላልሽኝ ነው። ማጉ ድርብ የሆነው እዚያ ብቻ ነው፤ ቀለበቱን የሚችለው እሱ ነው። ሰው ግን ሐዘን ነው እንደሚል አውቃለሁ። ከሸማኔ እጅ የወጣ ነገር ሁሉ ትርጉም ይፈለግለታል። ግድ የለኝም። ዓለም ሁሉ ሐዘን ቢለው፣ አንቺ አንድ ሰው እውነቱን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ‹ለምን?› ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁኝ፣ ‹ጠንካራ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ› በያቸው። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልፈልግም። ይህን ካልሽ፣ ለአባትሽ ሽማግሌ እንድልክ ፈቀድሽ ማለት ነው፤ ቢያባርሩኝም እየደጋገምሁ እልካለሁ። ዝም ካልሽ ግን ፈራሽ ማለት ነው። አልቀየምሽም። አገሩን ለአንቺ ትቼ እሄዳለሁ።

ይታየው»

ወይዘሮ ይዘንጋሽ ፊደል አይቆጥሩም፤ ነገር ግን የእስከዳርን ፊት አነበቡ። ነጠላቸውን ሊያነሡ የዘረጉትን እጅ መልሰው አቀፏት። እስከዳርም ልጇ በሞተባት ሴት ትከሻ ላይ፣ ማጽናናት የሚገባትን ሴት ታቅፋ፣ አለቀሰች። «ነግራኝ ነበር» ትላለች። «አንዱ ጠጠር አይናገርም ብላ ነግራኝ ነበር። ተቀመጪ አልኋት።»

እሑድ የደመላሽ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ መጡ። መደቡ ላይ የበግ ጠጉር ዝተት ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል፤ ጠላው ተቀድቷል። አቶ ወንዳፈራሁ ደስ ብሏቸዋል። «ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይሁን» እየተባለ ነው።

እስከዳር ገባች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው።

ጨዋታው ተቋረጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ልማድ ነውና። «እግዜር ያጥናችሁ! አልሰማንም ነበር እኮ። ማን ዐርፎ ነው፣ ልጄ?»

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ። «በሰላም ቤት? እስከዳር! ገልብጪው!»

«አባባ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጸጥ ያለ ነበር። «ጠንካራ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«መጋረጃውን። ጠንካራ ይሁን ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ጥለቱ ላይ የሆነው በእኔ ቃል ነው። ያን ቀን በግቢው ‹የምታውቅ አለች› ሲል፣ የማውቀው እኔ ነበርሁ።»

እናቷ ከጓዳው በር ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አባቷ ዘንጋቸውን ጨበጡ፤ ነገር ግን አላነሡትም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀድሞ የቆሙት ሰውዬም መልሰው ለመቀመጥ አልቻሉም። በዚያ ቤት ውስጥ አሁን ሠርግ አለ ለማለትም፣ ሐዘን አለ ለማለትም የሚደፍር አልነበረም።

እስከዳር የተለመነችው ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ሰጠቻት። ቃሏ በመጨረሻ ከጉሮሮዋ ወጥታ በሙሉ ድምፅ፣ በሰው ፊት፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ተነግራለች፤ ከምድር ሰው ሁሉ መካከል እንዲሰማት ስትፈልገው የነበረው ሰው ብቻ አልሰማትም። በነጠላዋ ሥር፣ በመዳፏ ውስጥ፣ ዲዳዋን ጠጠር ጨብጣለች። ከሰውነቷ ሙቀት ወስዳ ሞቃለች። እስከዳርም፣ ይህ ሙቀት የዘገየበትን ሰው ሁሉ እያሰበች፣ እጇን ይበልጥ አጥብቃ ጨበጠች።